በሰላምታ ያለቀ ሁለት ደቂቃ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ በሰው አገር ስለምንኖርበት የቴሜስካል ሰፈር ፕላን የከተማው ኮሚሽን ከሚጠራው ስብሰባ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር፤ ቴሌግራፍ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለው የባስ ፌርማታ ለአዛውንት መቀመጫ እንዲደረግ። ለተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው። እሳቸው የኮሚሽነሮቹን ጤና፣ የልጆቻቸውን ደህንነት አንድ በአንድ ሲጠይቁ ጊዜው ያልቅና ማይኩ ይዘጋል። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ፤ በሀፍረት እሞታለሁ።

«ጋሼ፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይግቡ» ስላቸው፣

«ሰላም ያላልኩትን ሰው እንዴት ብዬ እለምነዋለሁ?» ይሉኛል።

በሞቱ በወሩ ፕላኑ ሊጸድቅ ቀረበ። ሰላምታ ሳልሰጥ መቀመጫውን ጠየቅሁ፤ አንድ ደቂቃ ተረፈኝ። ፕላኑ ያለ መቀመጫ አፕሩቭ ተደረገ።

እሱስ ይሁን። ለዓመታት «ልጆች ደህና ናቸው?» ካሏቸው ሰዎች ግን አንዱም «ሽማግሌው የት ቀሩ?» ብሎ አልጠየቀኝም።