ወደ ብርሃኑ ዙሪ

አጎታችን ካረፉ ወዲህ ካዛንቺስ ባለው ሱቃቸው በር ላይ ይቀመጡበት የነበረው ዱካ ባዶውን ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ለሳል የታዘዘላቸው አንቲባዮቲክ ጉበታቸውን ጎድቶት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ሐኪሙ፣ «ከስንት አንድ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ እርስዎ ላይ ደረሰ» ብሎ መድኃኒቱን አስቆማቸውና ዳኑ። ከዚያ በኋላ ክኒን የጀመረ ዘመድም ጎረቤትም ዓይኑን ሳያሳያቸው አያልፍም ነበር።

እህቴን ቶንሲሏ በየክረምቱ ያማታል። ክኒን በጀመረች ቁጥር «ወደ ብርሃኑ ዙሪ» ይሏትና አገጯን ይዘው የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣታቸው ዝቅ ያደርጉ ነበር። እኔን ግን አሞኝ አያውቅም ነበር። «አንቺማ ብረት ነሽ» ብለው ያልፉኝ ነበር። በቃ፣ ብረት! በቶንሲል የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቻለሁ።

ሰሞኑን ጥርሴን አሞኝ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። እግሬ ሱቁ በር ላይ ወስዶ አቆመኝ። አሁን ሱቁን የያዘችው እህቴ ናት። ክኒኑን እጄ ላይ ስታይ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። አውራ ጣቷ ዓይኔ ሥር ቀስ ብሎ አረፈ።

«እንዲህ ነበር የሚያደርጉት?» አልኳት።

«እንዲህ ነበር» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት፣ ይህ ለብቻዋ ነበር!