ካቴናውን ሳልቆርጠው
በደርግ ጊዜ የሞተር ሳይክል ካቴና እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ አሳጥረው ከቆረጡት በቃ፣ አለቀ። ሞተሬ የሽሮ ሜዳን ዳገት እንዲችልልኝ ካቴና የሚይዘውን የኋላ ጥርስ በትልቅ ቀየርኩና፣ በስንት ልመና ካገኘሁት ረጅም ካቴና ላይ ትርፍ የመሰለኝን ሁለት ቀለበት ልቀንስ መዶሻ አነሳሁ።

«ሰው ሳይቀመጥበት ነው የለካኸው?» አሉኝ ጎረቤቴ ሸማኔው።

«ካቴና እንደ እርስዎ ድር አይደለም፣ አባባ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

እሳቸው ግን እኔ ልቆርጥ ባሰብኩት ልክ ክር በፊትና በኋላ ጥርሶቹ ዙሪያ አሰሩና «ተቀመጥ» አሉኝ። ስቀመጥ ሞተሩ ዝቅ አለ፤ የኋላ ጎማው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ካቴናዬ ሙሉውን መሬት ላይ ተጋድሟል። እፎይ ብዬ መዶሻውን ጣልኩት።

ስለ ክሩ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ክር እንኳ እቀጥለዋለሁ፤ ሥራዬ ነው» አሉኝ።