ሸምበቆውን ያጨድን ጊዜ

ትናንት ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓታችን፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመስኮት እያየ፣ «እንዲህ ከዘነበ ኒዳ ይሞላል» አለ። እንዲያው የተናገረው ነው። ሻንጣ ሲጭን የዋለ ሰው ስለ ዝናብ ካላወራ ስለ ምን ያወራል? እኔ ግን ዳቦዬን አስቀመጥኩት። የዚያ ወንዝ ስም ሲነሳ እስከ ዛሬ እህል አይወርድልኝም።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ፍራንክፈርት፣ ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር ከታላቅ ወንድሜ ከተፈራ ጋር እኖር ነበር። «ጋሼ» ነበር የምለው። እሱም እዚሁ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭን ነበር፤ በዕረፍቱ ቀን ግን ሁልጊዜ ደሴቷ ላይ ነው።

ደሴት ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። በኒዳና ወንዙ ድሮ ይፈስበት በነበረው አሮጌ ክንዱ መካከል የተኛች፣ በእንጨት ድልድይ የሚገባባት ቀጭን መሬት ናት። ባላቸው የሞቱባቸው ፍራው ኬለር የሚባሉ አሮጊት የግል ርስት ነበረች። መሬቱን ከፋፍለው ለአትክልተኛ ያከራያሉ፤ ለጀርመኑም፣ ለቱርኩም፣ ለእኛም። ወንዙ ሲሞላ ግፊቱን የምትቀበለው ደሴቷ ናት። ከኋላዋ ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ስለሆነ እንቁራሪቱም ዳክዬውም እዚያ ይራባል። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ያለውን ያመጣል። ቱርኩ ጎረቤታችን ቃሪያ ይጠብሳል፣ ጋሼ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት ይሠራል፣ ፍራው ኬለር የፕለም ኬክ ይዘው ይመጣሉ። ጋሼ ፍራንክፈርት ውስጥ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ፍራው ኬለር ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ጋሼ አዘነ። «ሲመለሱ ደስ ይበላቸው። ዳርቻው ጫካ ሆኗል፤ እናጽዳላቸው» አለና ደቦ ጠራ። ቦርንሃይም ሰፈር ምግብ ቤት የነበራቸው እትዬ ዘነበች ድስታቸውን ይዘው መጡ፤ ሌላውም አበሻ መጣ። ብርድ ስለ ጀመረ ሌሎቹ አትክልተኞች አልነበሩም። በውሃው ጠርዝ የነበረውን ሸምበቆ አጨድን፣ አኻያውን በመጋዝ ቆረጥን።

«ኧረ አያያዙን እዩልኝ! ማጭድ ነው እኮ፣ እስክሪብቶ መሰለህ?» እያሉ እትዬ ዘነበች ይስቁብኛል።

ስንጨርስ ዳርቻው እንደ ተላጨ ጢም ሆነ። ጋሼ ላቡን እየጠረገ፣ «አሁን ገላዋን ታጠበች» አለ።

ፍራው ኬለር በምርኩዝ ድልድዩን ተሻግረው መጡ። ጋሼ እጁን ዘርግቶ አሳያቸው፤ እንደ ልጅ። አሮጊቷ የታጨደውን የሸምበቆ ጉቶ በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ተፈራ፣ አፈሩን ይዞት የነበረው እኮ እሱ ነው» አሉት። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

ከገና በኋላ በረዶው ቀለጠና ወንዙ ጭቃ መስሎ መጣ። ዳርቻው እየተገመሰ ገባ። የጋሼ የጎመን መደብ ሄደ፤ የቱርኩ የዕቃ ቤትም ሄደ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው አየና፣ ከድልድዩ ወደ መደቦቹ የሚወስደው መንገድ ከተቆረጠ ደሴቷ ለሰው ትዘጋለች አለ።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ አላረፈም። ከፈረቃው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ወንዙ ነው። ዳርቻው ላይ የተመታ የአኻያ ችካል ሥር አውጥቶ አፈር እንደሚይዝ ፍራው ኬለር ነግረውታል። እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ይመታል። ከብርዱ የተነሳ እጁ ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ጋሼ፣ ትንሽ ተኛ እንጂ።»

«ሥር ያውጣና እተኛለሁ።»

«ሁሉም ሰው ነው ያጨደው። አንተ ብቻህን ነህ እንዴ?»

«የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አለኝ። «ይልቅ ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

በየካቲት ሥራ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። እኔ ስደርስ... እዚህ ላይ ሁልጊዜ መጻፍ ያቅተኛል። ስደርስ አልቋል። በቃ።

አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ላክነው። እኔ የምሄድበት ወረቀት አልነበረኝም። ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ፤ ዝናብም ጀመረ። ሰው የጋሼን ደግነት ያነሳል። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ስለ ችካሎቹ አስባለሁ። በእጁ ሠርቶ የተወው ነገር እነሱ ብቻ ነበሩ። ብድግ አልኩ።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ወንዙ እየሞላ ነው።»

«ሰው ሊያጽናናህ መጥቶ ጥለኸው ልትወጣ? ነውር ነው ልጄ።»

«የጋሼ ችካሎች...»

«እንጨት ነው የኔ ልጅ። ተቀመጥ።» ትከሻዬን ያዙኝ። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። ተቀመጥኩ። ሰው እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለኛል፤ ዝናቡም ይወርዳል።

ሲያባራ ሄድኩ። አንድም ችካል አልቀረም። መንገዱ ለሁለት ተቆርጧል፤ ጸጥ ያለው ውሃም ደፍርሷል። ፍራው ኬለር ድልድዩ ላይ ቆመው ነበር። እጃቸውን አነሱልኝ፤ አነሳሁላቸው። በጸደይ ደሴቷ ተዘጋች፤ አትክልተኛውም ተበተነ።

ያን ቀን ብሄድስ ምን አደርግ ነበር? ወንዝ በእጅ አይያዝም። ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አይጠቅመኝም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም። እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። ድልድዩ ተነስቷል፤ ደሴቷ የወፍና የሣር ሆናለች። እኔ በቆምኩበት ዳር አንዲት ጀርመናዊት ወጣት ማዶውን ሩቅ በሚያቀርብ መነጽር ታያለች። ስታየኝ ፈገግ አለች። ዓሣ አጥማጅ የሚባለው ሰማያዊ ወፍ እዚያ ጎጆ ሠርቷል አለችኝ። ወፉ ጉድጓዱን የሚቆፍረው በተገመሰ፣ ራቁቱን በቆመ ዳርቻ ላይ ነው፤ ወንዙ ዳርቻውን ባይሰብረው ኖሮ አይመጣም ነበር። በደስታ ነው የምትነግረኝ። እሷ ምን ታድርግ?

መነጽሯን ሰጠችኝ። ያሳየችኝ ቦታ ጋሼ ቆሞ ችካል ይመታበት የነበረው ነው። ለአንድ ፍጥረት ቤት ሆነ፣ ይህም አንድ ነገር ነው፣ ብዬ ልቤ እስኪረጋ ጠበቅሁ። አልረጋም። አፈር አየሁ፤ ውሃ አየሁ።

«ወፉን አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት» አልኳትና መነጽሯን መለስኩላት።