አልቆለልም ያለው የደብሪቱ ተልባ

ወይዘሮ ደብሪቱ ሲናገሩ ድምፃቸው ከጎናቸው ለተቀመጠ ሰው እንኳ በወጉ አይሰማም ነበር። ይጁቤ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ተልባ ሲሸጡ አንድ ቀን «ኑ ግዙኝ» ብለው አያውቁም። ቁርበታቸውን ከዋርካው ሥር ያነጥፋሉ፤ አቁማዳቸውን ይፈታሉ፤ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ገዢው ራሱ ፈልጎ ይመጣል። የእሳቸው ተልባ አንዲት ጠጠር፣ አንዲት ገለባ የለበትማ!

ሌላው ሰው ተልባውን ወቅቶ፣ አበጥሮ «ይበቃል» ሲል፣ እሳቸው ገና መጀመራቸው ነው። ቁርበቱን በአንድ ወገን ቀና ያደርጉና ከላይ እፍኝ እፍኝ ያፈሱበታል። ተልባው እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገለባውና አፈሩ ከቁርበቱ ጠጉር ተይዞ ይቀራል። አፏ የማያርፈው ጎረቤታቸው ሥራነሽ፣ «እትዬ ደብሪቱ፣ የእርስዎ ተልባ እኮ ከቤት የሚወጣው ቆርቦ ነው» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ አዋጅ ተነገረ። ለጣሊያን ምሽግ በቅሎዎች ቀለብ፣ እያንዳንዱ ቤት ካለው እህል አራት ቁና፣ ያውም ሞልቶ ተቆልሎ፣ ይጁቤ ገበያ ላይ ያስረክብ። እህሉን የደበቀ ቤቱ ይቃጠላል።

የዚያን ዓመት የወይዘሮ ደብሪቱን ገብስ ውርጭ መትቶት ነበር። በቤታቸው የቀረው አምስት ቁና ተልባ ብቻ ነው፤ እሱም ዘር። ሐምሌ ላይ ካልተዘራ የከርሞው ዐቢይ ጾም ያለ ተልባ፣ የከርሞው ገበያም ያለ ደብሪቱ ሊያልፍ ነው። አራት ቁና ተቆልሎ ሲሰፈር ደግሞ አምስቱን ጠራርጎ እንደሚወስድ ለገበያ ሰው አይነገርም። ቢሆንም ምን ይደረግ? በአህያቸው ጭነው ሄዱ።

ሰፋሪው ውበቱ የሚባል የደብረ ማርቆስ ከተማ ልጅ ነበር። ጎፈሬው እንደ ጥላ የተዘረጋ፣ የጣሊያን ጫማ የተጫማ፣ እርሻን የሚያውቀው በመንገድ ሲያልፍ ብቻ። ከእሱ በፊት የነበረው ሰፋሪ ቁናውን ሳይቆልል በአፉ ልክ ሰፍሮ በመገኘቱ አርባ ጅራፍ ቀምሷል። ስለዚህ ውበቱ ለቁልል ሲሆን ነፍሱን አይሰስትም። ጣሊያኑ ሹም ከድንኳኑ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ቁልል በዓይኑ ይመዝናል።

የሥራነሽ ገብስ ተቆለለ፤ የሌላው ስንዴ ተቆለለ፤ የወይዘሮ ደብሪቱ ተራ ደረሰ።

«ልጄ፣ ተልባ አይቆለልም» አሉ፣ በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው።

«ምን አልሽ?»

«ያንሸራትታል። በአፍ ልክ ነው የሚሰፈር።»

«እኔን ልታታልዪ! ትእዛዙ ‹ተቆልሎ› ነው የሚል። ይቆለላል!»

ቁናውን እሳቸው ካነጠፉት ቁርበት መካከል አስቀምጦ አፈሰሰበት። ሞላ። ጨመረበት፤ ተልባው እንደ ሽንኩርት ራስ ብቅ አለና ሽርርር ብሎ በአራቱም ማዕዘን ወረደ። ዳግመኛ ጨመረ፤ ዳግመኛ ወረደ። በሁለት እጁ አጥር ሠራለት፤ በጣቶቹ መካከል ሾልኮ ወረደ። ተንበርክኮ በጉልበቱም በክንዱም አቀፈው፤ በእጅጌው ገብቶ በብብቱ ወጣ።

«እንግዲያው ከቁርበቱ ላይ ያለውን ሁሉ ዝገኑና ጫኑት!» አለ ጫኞቹን፣ ላቡን እየጠረገ።

የአብነት መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ለጾም ተልባ ሊገዙ መጥተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩ ነበር። «አይሆንም» አሉ። «ከቁርበት የፈሰሰ የባለቤቱ ነው። ሰፋሪ ከቁናው እንጂ ከቁርበቱ አይወስድም። የገበያ ደንብ ነው።»

«የኔታ፣ እርስዎ ዳዊትዎን ይድገሙ!»

«እኔማ ደግሜ ጨርሻለሁ። አንተ ነህ ያችኑ ቁና ስትደግም የዋልህ።»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ውበቱ ደሙ ፈላና፣ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!» ብሎ በሴቶቹ ላይ ጮኸ።

«ሙቀጫውማ አይቸግርህም» አለች ሥራነሽ፤ «ያቃተህ ቁናው ነው!»

ይኼኔ አንድ ብልሃት መጣለት። ከተማ ውስጥ ግንበኞች አሸዋ ሲያረጥቡ አይቷል፤ የረጠበ አሸዋ እንደ ተቆለለ ይቆማል። «ውኃ አምጡ!» አለ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ልጄ፣ በማርያም፣ ውኃ አታስነካው!»

ውበቱ ፈገግ አለ። «አሃ! አሁን ገና ነቃሁብሽ።»

«አታስነካው ብዬሃለሁ!» ብለው ጮኹ። ይጁቤ የደብሪቱን ድምፅ የሰማው በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያን ዕለት ነው።

ውበቱ ግን አንድ ቅል ውኃ ከቁናው ገለበጠና በእጁ አማስሎ፣ ከላይ ቆለለው። ቆመ! እንደ ባርኔጣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውበቱም ደረቱን ነፍቶ ወደ ድንኳኑ እጁን አወዛወዘ፤ ሹሙ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ።

እሱ እስኪደርስ ድረስ ተልባው ሥራውን ይሠራ ነበር። አበጠ፤ ተዝለገለገ፤ ከዚያ ቁልሉ እንደ ንፍጥ እየተሳበ በቁናው ከንፈር ይወርድ ጀመር። ውበቱ ሊመልሰው እጁን ሰደደ፤ እጁን ሲያነሣ ተልባው አብሮት ተነሣ። በሌላው እጁ ሊያላቅቀው ሲል ሁለቱም ተያዙ። ግንባሩን ጠረገ፤ ጎፈሬው ተለጠፈ።

«ተወው፣ ለጎፈሬህ ከቅቤ ይሻላል» አለች ሥራነሽ።

ሹሙ የአለንጋውን ጫፍ ከቁናው ነከር አድርጎ ወደ ላይ ሳበ። አንድ ክንድ የሚሆን ክር ተጎተተ፤ ነፋሱ አወዛወዘና ከተወለወለ ጫማው ላይ አሳረፈው። ሹሙ ፊቱ ቀላ፤ በቋንቋው ብዙ ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ የኔታ።

ውበቱ መሬት መሬት እያየ፣ «ይኸን የበላች በቅሎ አንጀቷ ይጣበቃል፤ ተልባ የሚባል ነገር ምሽጌ ድርሽ እንዳይል፤ ሴትዮዋ ይዛው ትጥፋ ይላል» ሲል ተረጐመ።

«አንተንስ?» አለች ሥራነሽ።

«እኔንማ... ቁናውን አጥበህ አምጣ ብሎኛል።»

ገበያው ሲፈታ ውበቱ ወንዙ ዳር ቁጢጥ ብሎ ቁናውን ያጥባል። ውኃ ሲጨምር ሙጫው ይጨምራል፤ ሙጫው ሲጨምር እሱ ውኃ ይጨምራል። ወይዘሮ ደብሪቱ የተረፋቸውን አራት ቁና ተልባ በአህያቸው ጭነው ሲያልፉ አዩትና አንጀታቸው አልችል አለ።

«ልጄ» አሉ፣ ወደ ቀድሞ ድምፃቸው ተመልሰው፤ «ውኃውን ተወው። ፀሐይ ላይ አድርቀህ ፈቅፍቀው።»

ይችን እንኳ ሰማ።

ሐምሌ ላይ አራቱን ቁና ዘሩ። በጥቅምት ማሳው ሰማይ የወደቀበት መስሎ በሰማያዊ አበባ ተሸፈነ፤ ዘር ያልደረሳት አንዲት ጥግ ብቻ ባዶዋን ቀረች። መንገደኛ ቆም እያለ፣ «እሜቴ፣ ይችን ጥግ ምነው ጦም አሳደሯት?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

ወይዘሮ ደብሪቱም ነጠላቸውን ከአፋቸው ያደርጉና፣ «እሷማ የውበቱ ናት» ይላሉ፤ «ቆልሎ ሲጨርስ እዘራባታለሁ።»