ቢጫው መጋረጃ

ኖኒባላ በየማለዳው ምድጃውን ከማቀጣጠሏ በፊት ነጭ ጨርቅ አጥፋ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች፤ ከማጅራቷ በላይ አጥብቃ ትቋጥረዋለች። የሚበስለው ለታኩር፣ ለመቅደሱ አምላክ ነውና ሽታው እንኳ ቀድሞ ለሰው አፍንጫ አይደርስም። መቅመስማ የማይታሰብ ነው። ጨዉን በመዳፏ መጥና ትጨምራለች። በቂ ይሁን አይሁን የሚያውቀው የሚበላው ብቻ ነው፤ የሚበላው ደግሞ ተናግሮ አያውቅም።

በሙሪጋንጋ ወንዝ ዳር ያለው የሂንዱ መነኮሳት ማኅበር ትንሽ ነው፤ አንድ መቅደስ፣ አንድ ክሊኒክ፣ የመንደሩ ልጆች የሚማሩበት ሰፊ በረንዳ። ምሽት ላይ አለቃው መነኩሴ፣ ሁሉም ማሃራጅ የሚላቸው፣ እርሳቸውም ሴቱን ሁሉ እማ የሚሉ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቬዳንታ የሚባለውን ፍልስፍና ያስተምራሉ። ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም በሁሉ ውስጥ ነው ይላሉ። ኖኒባላ ከምስሩ ጠጠር እየለቀመች በማድቤቱ መስኮት ታዳምጣለች። ትምህርቱ ደስ ይላታል፤ ግን የተማሩ ሰዎች ጉዳይ ይመስላታል። የእርሷ ጉዳይ ድስቱ ነው። ባሏ ሞቶ ዘመዶቹ በር ሲዘጉባት ማኅበሩ የሰጣት ያንን ድስት ነው። ንጽሕናውን መጠበቅ ካቃታት ሌላ የምትሄድበት የላትም።

በዝናቡ ወራት አንድ ሌሊት ወንዙ በመካከሉ ያለውን የደለል ደሴት ግድብ ጥሶ መንደሩን አጥለቀለቀ። ጠዋት ማሃራጅ ጀልባ ይዘው ሰው ሊያወጡ ሲነሡ፣ "የታኩርን ማዕድ ለማቅረብ እኩለ ቀን ላይ እመለሳለሁ፤ አብስለሽ ጠብቂኝ" አሏት። ዝናቡ ማገዶውን አርጥቦት ስለነበር የቀረው ደረቅ እንጨት ለአንድ ድስት ብቻ የሚበቃ ነበር። ሩዙንና ምስሩን አንድ ላይ ቀቅላ፣ ዝንጅብልና ቅቤ ጨምራ ስታወርድ የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ደረሱ።

ሰዎቹ ሌሊቱን ያሳለፉት ጣሪያ ላይ ነው። በረንዳው ላይ በተርታ ተቀመጡ፤ ከንፈራቸው ገርጥቷል። ከፊት የተቀመጡት ሐብሐብ አብቃዩ ሽማግሌ ሞጂድ ሚያ፣ የልጅ ልጃቸውን በእርጥብ ሽርጣቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ልጅቷ አታለቅስም። ዓይኗን ከማድቤቱ በር ላይ አልነቀለችም።

ኖኒባላ ወንዙን አየች። የማሃራጅ ጀልባ የለም። እኩለ ቀን አልፏል። ወደ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች። ከዚያ ጨርቁን ከፊቷ ፈታችና ድስቱን ይዛ መጣች።

"አጎቴ ሞጂድ፣ ይዘርጉ" አለች፣ በሳሕን ፈንታ የሙዝ ቅጠል እያቀበለች።

ሽማግሌው ድስቱን አወቁት። "ምነው ልጄ! ይሄ የታኩራችሁ አይደለም እንዴ? በልቷል?"

"አልበላም።"

"እንግዲያ እንጠብቃለና። ሰው ቤት መጥቼ ባለቤቱን ልቅደመው? አላህም አይወድልኝም።"

"እርስዎስ ይጠብቁ። ይቺ ትጠብቃለች?"

ሞጂድ ሚያ ልጅቷን አዩ። ቀጥለው ኖኒባላን ቀና ብለው አዩ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ሐብሐብ ሳመጣልሽ፣ ለካስ አፍንጫም አለሽ!" አሉና ቅጠሉን ዘረጉ።

በጭልፋ እየቀዳች ለሁሉም አደለች። ድስቱ ተሟጦ ሲያልቅ ማሃራጅ እስከ ደረታቸው ረጥበው ከጀልባው ወረዱ። ሮጣ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"ማሃራጅ፣ ድስቱን ሰጠሁት። ለታኩር የቀረ የለም። ከእንግዲህ እጄ ለማዕዱ አይሆንም።"

"ለሁሉም ደረሰ?"

"ደርሷል።"

"እየበሉ ነው?"

"እየበሉ ነው።"

ማሃራጅ እግራቸውን ታጥበው ወደ መቅደሱ ገቡ። ኖኒባላ ጭቃው ላይ እንደ ተንበረከከች ቀረች። ሌላ ሴት ድስቱን ስትረከባት ታያት።

መነኩሴው ሲወጡ በክንዳቸው ላይ ቢጫው መጋረጃ ነበር። ታኩር ሲበላ በመቅደሱ በር ላይ የሚዘረጋው እርሱ ነው። በዚያ ሰዓት ማንም ወደ ውስጥ አያይም፣ ማንም በግቢው አያልፍም። ማሃራጅ ገመዱን ከበረንዳው ምሰሶ ወደ ምሰሶ አሰሩና መጋረጃውን በሚበሉት ሰዎች ፊት ዘረጉት። አጭር ነበር፤ የበረንዳውን እኩሌታ ብቻ ሸፈነ። ከዚያም እንደ ወትሮው ጀርባቸውን ለመጋረጃው ሰጥተው ከውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አጠገባቸው ያለውን ቦታ አመለከቷት።

ተቀመጠች። ከዚህ መጋረጃ በስተጀርባ እስከ ዛሬ የሰማችው ዝምታ ብቻ ነበር። አሁን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣ ጣት ሲላስ፣ ሕፃን ስቅ ሲላት ሰማች። ማታ ማታ በመስኮት የገባው ትምህርት ከጀርባዋ ተቀምጦ ያላምጣል። ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

"ኖኒ!" አለ የሞጂድ ሚያ ድምፅ ከውስጥ። "እንዳትቀየሚኝ ልጄ፤ ጨው አንሶታል።"

ኖኒባላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ መጋረጃ ውስጥ ቃል ሲወጣ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ማሃራጅ፣" አለች በሹክሹክታ፣ "ታኩር ማዕድ ላይ እያለ መግባት ይቻላል?"

"እማ፣ ጠራሽ እኮ" አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ጨው በመዳፏ ይዛ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ውሃው ከደሴቱ እስኪጎድል ድረስ ቢጫው መጋረጃ ከበረንዳው ላይ አልወረደም።