የእትዬ ባንቺአየሁ ምግብ መራጮች

እትዬ ባንቺአየሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለአራት ሰው በኮንትራት ያበስላሉ። በየወሩ እንከፍላቸዋለን፣ ማታ ማታ ቤታቸው ገብተን ከአንድ ትሪ እንበላለን። አራታችን ማለት ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው የሒሳብ መምህር ጋሽ ወልደ ገብርኤል፣ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራው እናትነሽ፣ የግብርና ባለሙያው ቢያዝን እና ባዮሎጂ የማስተምረው እኔ፣ ቴዎፍሎስ፣ ነን። እኔ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ከማድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ተከራይቻለሁ።

እትዬ ባንቺ የሽንዲ ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ይህን ቤት ተከራይተው በእጃቸው ሙያ ያድራሉ። ሲሠሩ ፈጣን፣ ሲናገሩ ቁጥብ ናቸው። የምግባችንን ነገር ግን አንድ ቀን ሳይረሱ ይዘውታል፤ ጋሽ ወልደ ገብርኤል እንቁላል አይስማማቸውም፣ እናትነሽ ሥጋ አትወድም፣ ቢያዝን ጎመን አይነካም፣ እኔ ድንች አልበላም። ጎጃም ተቀምጦ ርካሹ ነገር ድንችና ጎመን ነው፤ ሁለቱም በኛ ምክንያት ከትሪያችን ተባረዋል። ስለዚህ ሴትዮዋ ለአራት ሰው እራት ሦስት ድስት ይጥዱ ነበር። ዘይቱም ከሰሉም በዚያው ልክ ያልቃል።

ግንቦት እንደገባ አንድ ማታ ትሪውን አስቀምጠው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ እስከ ሰኔ ነው። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ቤቱን ለቅቄ ሽንዲ እኅቴ ዘንድ እገባለሁ።»

«ኧረ ምነው እትዬ!» አልን ሁላችንም ባንድ አፍ። ከዚያ ወደ ትሪው ተመለስን።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሽንዲ ለቅሶ ተጠሩና በጥድፊያ ወጡ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም አልነበረም፤ ቤት ያገኙትን ሁሉ፣ ለራሳቸው ያስቀመጡትን ድንችና ጎመንም፣ ቋንጣውንም፣ ባንድ ድስት ሠርተው አራት የተቀቀለ እንቁላል ጣል አድርገውበታል። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አሉኝ ነጠላቸውን እያጣፉ። «እንግዲህ እየጨለፋችሁ ብሉ። የማትወዱትን ለይታችሁ ተዉት።»

ያን ቀን ሁሉም በየራሱ ሰዓት ነበር የሚመጣው፤ የመጀመሪያው እኔ ሆንኩ። እዚህ ላይ ልናዘዝ። ድንች እወዳለሁ። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ድንች ወጥ ስንበላ እንጀራው ሳያልቅ ወጡ አለቀ። እትዬ ባንቺ «ልጨምር?» ብለው ወደ ድስቱ ሲዞሩ ድስቱ ባዶ መሆኑን ከፊታቸው አወቅሁ። እንዳያፍሩ ብዬ «እኔ እንኳ ድንች ብዙም አልወድም፣ በቃኝ» አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ድንች ትሪያችን ላይ አልወጣም፤ እኔም ቃሌን ማጠፍ አፈርኩ። ስምንት ወር!

ለብቻዬ ነበርኩና ድንቹን ለቃቅሜ በላሁ። አንድ እንቁላልም ጨመርኩ። ሦስት ቀረ። ክፍሌ ገብቼ ስቀመጥ ጋሽ ወልደ ገብርኤል ወደ ማድ ቤቱ ሲገቡ አየሁ፤ ብዙም ሳይቆዩ አፋቸውን እየጠረጉ ወጡ። ባዮሎጂ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ከፍቶ ማየት ነው። ሄጄ ድስቱን ከፈትኩ። እንቁላሉ አንድ ብቻ ሆኗል።

ሁለት! እንቁላል የማይስማማው ሰው!

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቀምጠኛል? እናትነሽ ገብታ ወጣች፤ ከፍቼ ባይ ከቋንጣው የቀረው ለዓይነት ያህል ነው። በመጨረሻ ቢያዝን ማንኩሳ ከነበረው የመስክ ሥራ አቧራ ለብሶ ደረሰ። እሱ ከወጣ በኋላ ስገባ አንዲት የጎመን ቅጠል እንኳ የለችም። ጭራሽ ድስቱን አጥቦ ደፍቶታል። ነገሩን ሁሉ አውቄ ብቻዬን ስስቅ አመሸሁ።

እሑድ ማታ እትዬ ባንቺ ተመልሰው ሽሮ ሠርተው አቀረቡልን። እኛ መብላት ስንጀምር ያንን የታጠበ ድስት ይዘው መጡ።

«ለውሻ ደፍታችሁት ነውይ?»

ድስቱን ገልብጠው አሳዩን።

«ባይጥማችሁ ልክ ናችሁ፤ ሁሉንም ቀላቅዬባችኋለሁ። ግን ብትተዉት ምን ነበረበት? ደፍቶ፣ አጥቦ፣ እኔን ማታለል…» ድምፃቸው ተሰበረ።

ትናንት እንደ ቧልት ያየሁት ነገር ሰው እያስለቀሰ ነው። «እትዬ፣ ድንቹን የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «መስከረም ላይ የዋሸሁት ድስቱ ባዶ ስለነበረ ነው።»

ጋሽ ወልደ ገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንቁላሉን እኔ ነኝ። ያኔ ለአራት ሰው ሦስት እንቁላል ቀርቦ ሳይ፣ ለልጆቹ ይሁን ብዬ ነው አይስማማኝም ያልኩት።»

«እኔ ደግሞ» አለች እናትነሽ ትሪውን እያየች፣ «ከሦስት ወንድ ጋር ቀርቤ ሥጋ ስጠቀልል መታየት አፍሬ ነው።»

ቢያዝን ጆሮው ቀላ። «ጎመን ስጎርስ ያየኝ ሰው ከነገጠሩ መጣ እንዳይለኝ ብዬ ነበር። አሳድጎኝ እኮ ነው።»

እትዬ ባንቺ ይስቃሉ ብለን ጠበቅን። እሳቸው ግን በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ድስቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እኔ እኮ እጄ የጠፋ መስሎኝ ነበር» አሉ። «አንዱን ስሠራ አንዱ ይጠላል። ሙያዬ ሞተ፣ ብዬ ነው ሽንዲ እገባለሁ ያልኩት።» ከዚያ አንድ በአንድ አዩን። «ማታ ማታ ‹እጅዎ ይባረክ› የምትሉኝስ? እሱም ለይሉኝታ ነበር?»

አልነበረም። ነገር ግን ስምንት ወር የዋሸ አፍ አሁን ምን ብሎ ይታመናል? እኔ «ኧረ በፍጹም» ልል አፌን ከፈትኩና የራሴ ድምፅ የውሸት መሰለኝ፤ መልሼ ዘጋሁት።

እኛ አገር ሰው «ጨምሩልኝ» አይልም። ይለመናል፣ በቃኝ ይላል፣ እንደገና ይለመናል። ጋሽ ወልደ ገብርኤል ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በሰው ገበታ ያንን ቃል ሲያወጡ የሰማ የለም።

«ባንቺአየሁ» አሉ፣ «አልጠገብኩም። ጨምሪልኝ።»

እትዬ ባንቺ ድስቱን መሬት አኑረው ተነሡና ሽሮውን ከምድጃው ይዘው መጡ። ጭልፋውን ሲያነሡ እኛም ሦስታችን ትሪውን ወደሳቸው ገፋነው።