የክቡ ዘንግ ዜሮ

እህቴ ግትር ናት፤ ፊት ለፊቷም እላታለሁ። አንድ ዓይኗን የብረት ፍንጣሪ ካጠፋው በኋላ እንኳ ወደ ማሽኔ ካልተመለስኩ ብላ ድርቅ አለች። አለቃችን መለሳት፤ ግን በግልጽ ነገራት፦ «አንድ ዕቃ ካበላሸሽ መጋዘን ትገቢያለሽ። እዚያ ብሎን ማቀበል አያቅትሽም።» ብሎን ማቀበል! እሷን የመሰለች ባለሙያ ይዞ!

የዚያን ቀን የመጣላት የውሃ ፓምፕ ዘንግ ነበር፤ ክብ፣ ድፍን ብረት፣ ምትክ የሌለው። ወገቡ ላይ ቀጥ ያለ ቦይ ይቆረጥለታል። ማሽኑ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለሆነ ከየት እንደሚጀምር ካልነገሩት ዝም ብሎ ያርሳል። ያንን መነሻ እኛ ዜሮ እንለዋለን። ጠፍጣፋ ብረት ቢሆን ቀላል ነው። ክብ ግን ጉደኛ ነው፤ አናቱ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ናት። መጀመሪያ ግራና ቀኙን በማሽኑ መዳሰሻ ነክተህ መሃሉን ታገኛለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከፍታውን አናቱ ላይ የምትይዘው።

ይሄን ያስተማረችኝ እሷው ናት። ያን ቀን ግን አለቃው እጁን አጣምሮ ከኋላዋ ተገተረ። እኔ ከጎን ቶርኖ ማሽኔ ላይ ሆኜ በዓይኔ እከታተላለሁ። ምን አለ ዞር ቢልላት!

የማሽኑን በር ዘግታ አስነሳችው። መቁረጫው ብረቱን ሲነካ ድምፁ ከበደኝ። ምንድን ነው ሳልል ቀዩን ቁልፍ በመዳፏ መታችው። ማሽኑ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን ሆነ?» አለ አለቃው።

በዓይኔ ለመንኳት። መቁረጫው ደንዟል በይ፣ መብራት ተቆራረጠ በይ፣ የፈለግሽውን በይ!

«ተሳስቼ ነው» አለች። «መሃሉን ሳላገኝ አስቀድሜ ከፍታውን ያዝኩ፤ መሃሉን የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ነው። አናቱን ሳይሆን ትከሻውን ነው የነካሁት። ዜሮው ዝቅ ብሎ መቁረጫው ጠልቆ እየገባ ነበር።»

አይ እህቴ! በገዛ አፏ! ሮጬ ባፈንኳት ደስ ባለኝ።

«ድምፁ ባይሰማሽስ ኖሮ?» አለ አለቃው።

«ይበላሽ ነበር።»

አለቃው ጎንበስ ብሎ ቦዩን ለካ። ሰዓቱ አልሄድ አለ። «ገና ነው፣ ከልኩ አላለፈም» አለ በመጨረሻ። «አስተካክለሽ ጨርሺው።»

ግራውን ነካች፣ ቀኙን ነካች፣ መሃሉን አገኘች። ከዚያ አናቱን። በሩን ዘግታ ቦዩን ቆርጣ ጨረሰች። ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ቁራጭ ብረት ስትሞክረው ልክክ አለ።

አለቃው ዘንጉን አገላብጦ አየና ወደ መጋዘኑ መስኮት ሄደ። አለቀላት አልኩ።

«ስማ» አለው መጋዘን ጠባቂውን፣ «ላንተ ሌላ ሰው እፈልግልሃለሁ። እሷ ሥራ አላት።»

እህቴ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዙራ በክንዷ እንባዋን ጠረገች። እኔማ ምን ደበቅኩ፣ እዚያው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።